ባለቤቱ ማን ነው? የካረን ብሊክሰን ቤትና የአትክልት ስፍራው

ትንሹ ዝናብ ካባራ በኋላ ትልቁ ዝናብ እስኪገባ፣ ማለትም በጥርና በየካቲት፣ የናይሮቢ ሰማይ ይጠራል፤ ፀሐዩም ይበረታል። በዚህ የበጋ ወቅት የከተማው ነዋሪ ሰንበትን ከሚያሳልፍባቸው ስፍራዎች አንዱ ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከንጎንግ ኮረብቶች ፊት ለፊት የሚገኘው የካረን ብሊክሰን ሙዚየም ነው። በናይሮቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊም ከአገር ቤት ወይም ከአሜሪካ እንግዳ ሲመጣበት ቀጭኔና የዝሆን ግልገል ካስጎበኘ በኋላ ወደዚህ ቤት ይዞ ብቅ ማለቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ትኬት ይቆረጣል፤ አስጎብኚ ከፊት እየቀደመ ክፍል ለክፍል ያዞራል፤ ከዚያም ጎብኚው ወደ ሰፊው መስክ ወጥቶ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር አረፍ ይላል፤ አራቱን የንጎንግ ጉብታዎች ከበስተኋላው አድርጎ ፎቶግራፍ ይነሣል። አመሻሹ ላይ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ቤቱ ያምራል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጥያቄው ውበቱ ምን ይናገራል፣ ምንስ ይሸፍናል የሚለው ነው። ሙዚየም ዕቃ የሚደረደርበት መጋዘን ብቻ አይደለም፤ እንደ መጽሐፍ የሚነበብ ድርሰት ነው። ድርሰት ከሆነ ደግሞ የሚተርከውና የሚዘለው ነገር አለው፤ በሰዋስው ቋንቋም ባለቤትና ተሳቢ አለው። በአማርኛ «ባለቤት» የሚለው ቃል የቤቱን ጌታም፣ የዓረፍተ ነገሩን አድራጊም ይጠራልና፣ ይህን ቤት በአማርኛ ለሚያነብ ሰው ጥያቄው ገና ከበሩ ይቀበለዋል፦ የዚህ ቤት፣ የዚህ ምድር፣ የዚህ ታሪክ ባለቤት ማን ነው?

ታሪኩ በአጭሩ ይህን ይመስላል (ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ባለ ቀይ ጣሪያው የድንጋይ ቤት በ1912 በስዊድናዊው መሐንዲስ በኦከ ሾግረን ተሠራ። የዴንማርኳ ተወላጅ ካረን ዲኔሰን በጥር 1914 ሞምባሳ ወርዳ ስዊድናዊውን ባሮን ብሮር ብሊክሰንን አገባች፤ ባልና ሚስቱ በ1917 ወደዚህ ቤት ገቡ። እርሻው 6,000 ኤከር ያህል፣ ማለትም ወደ 2,400 ሄክታር የሚጠጋ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 600 ኤከር ያህሉ ቡና ተተከለበት። ትዳሩ ፈረሰ፤ በ1925 ፍቺው ጸደቀ። ከ1921 ጀምሮ እርሻውን የምታስተዳድረው እርሷ ነበረች። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ፣ አፈሩና ዝናቡም ስላልሰመረ፣ ቡናው ዕዳውን መክፈል ተሳነው። በ1931 ኩባንያው እርሻውን ሸጠ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወዳጇ ዴኒስ ፊንች ሃተን ቮይ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተና በንጎንግ ኮረብታ ተቀበረ። እርሷም ወደ ዴንማርክ ተመለሰች፤ እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 1962 ድረስ ኬንያን ዳግመኛ አላየችም። የገዛው ሰው መሬቱን ሸንሽኖ ለመኖሪያ ሸጠው። «ካረን» የሚባለው ሰፈር ዛሬ ከናይሮቢ ውድ ሰፈሮች አንዱ ነው።

ቤቱ ሙዚየም የሆነበት መንገድም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የዴንማርክ መንግሥት ቤቱን ገዝቶ በ1964 ለነጻይቱ ኬንያ በስጦታ አበረከተ፤ በግቢውም ኮሌጅ ተከፈተ። በ1985 የሲድኒ ፖላክ ፊልም፣ ሜሪል ስትሪፕና ሮበርት ሬድፎርድ የተወኑበት፣ ሰባት የኦስካር ሽልማቶችን ያገኘው ሥራ ለዓለም ታየ። በዓመቱ፣ በ1986፣ ቤቱ በኬንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች ሥር ለሕዝብ ተከፈተ። ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ያሻል። ነጻነት ከመጣ በኋላ ቤቱ ከሃያ ዓመት በላይ የትምህርት ቦታ ነበር፤ ሙዚየም ያደረገው የፊልሙ ዝና ነው። ስለዚህም የሚጎበኘው ቤት የአንዲት ሴት መኖሪያ ብቻ ሳይሆን መጀመሪያ መጽሐፉ፣ ቀጥሎም ፊልሙ የሠራው ቤት ነው።

መስኩና ዓይኑ

ከአትክልቱ ስፍራ እንጀምር፤ ጎብኚው አብዛኛውን ሰዓቱን የሚያሳልፈው እዚያ ነውና። በአማርኛ «አትክልት ቦታ» ሲባል ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ጌሾው፣ ከጓሮ የሚለቀመው ቡና ወደ ልቡና ይመጣል፤ እጅ የሚሠራበት፣ ሆድ የሚጠግብበት ቦታ ነው። ይህ ግቢ ግን ከሌላ ልማድ የመጣ ነው። መስኩ ተከርክሞ ተዘርግቷል፤ አበባው ዳር ዳሩን ይዟል፤ ዓይን ያለ ከልካይ ከበረንዳው ተነሥቶ እስከ ኮረብታው ይጓዛል። ይህ ዓይነቱ አትክልት ስፍራ ጥበቡ ሥራን መደበቁ ላይ ነው። ሣሩን ያጨደው፣ ውኃውን የቀዳው፣ አጥሩን የጠገነው ሰው ሲሠራ አይታይም፤ ሥራው እንጂ ሠራተኛው የሥዕሉ አካል አይደለም። ከበረንዳው የሚያይ ሰው ምድሩን ሁሉ የዓይኑ ርስት ያደርገዋል።

በግቢው ውስጥ የቡና ማዘጋጃ መሣሪያዎች ቅሪት አለ። ብረቱ ዝጓል፤ ሣር ከብቦታል፤ ጎብኚውም እንደ ቅርጻ ቅርጽ እየዞረ ያየዋል። እነዚህ ብረቶች ከቤቱ ዕቃዎች ሁሉ በላይ ብዙ ሊናገሩ በቻሉ ነበር። የሸክላው ሳሕን፣ የመጽሐፉ መደርደሪያ፣ የሻማው መቅረዝ የተገዛው፣ የእራት ግብዣው የተደገሰው ከእነዚህ መሣሪያዎች በወጣ ወይም ይወጣል ተብሎ ተስፋ በተደረገበት ገንዘብ፣ ባይበቃም ከዴንማርክ ዘመዶች በመጣ ብድር ነው። መሣሪያዎቹን ያንቀሳቀሱት፣ ቡናውን የለቀሙት እጆች ግን የማን ነበሩ? በስንት ቀን? በምን ክፍያ? ጎብኚው የሳሎኑን ወንበር ታሪክ በዝርዝር ሰምቶ ስለ ለቃሚው ጥቂት ሰምቶ ከወጣ፣ ጉብኝቱ ግማሽ ጉብኝት ነው።

በመጽሐፉ ከቤቱ በስተምዕራብ ስለነበረ የወፍጮ ድንጋይ ጠረጴዛ ይነገራል። ጸሐፊዋ እዚያ ተቀምጣ ከእርሻው ሰዎች ጋር ጉዳይ ትጨርስ ነበር፤ ከፊንች ሃተን ጋርም ከዚያው ሆና ሰማይ ታይ ነበር። አንዱ ድንጋይ ለፍቅርም ለፍርድም መቀመጫ ሆኗል ማለት ነው። ፊልሙን ያየ ጎብኚ ፍቅሩን ያስታውሳል፤ ፍርዱን የሚያስታውሰው የለም። ወንበሩ ግን አንድ ነበር፤ ማን ተቀምጦ፣ ማን ቆሞ እንደነበር መጠየቅ የፍቅሩን ታሪክ አያጠፋውም፤ ያሟላዋል እንጂ።

እውነተኛውና የፊልሙ

በቤቱ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ጥቂቶቹ የጥንቱ ናቸው፤ ሌሎቹ ለፊልሙ የተሠሩ ወይም የተሰበሰቡ ናቸው። ተዋንያኑ የለበሱት ልብስ ሳይቀር ለዕይታ ቀርቧል። አስጎብኚዎቹ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ይናገራሉ፤ በዚህ ሊመሰገኑ ይገባል። ይሁንና ጆሮ የሰማውን ዓይን ያስተባብላል። ፊልሙ የተቀረጸው ደግሞ በዚህ ቤት ሳይሆን አቅራቢያው ባለው፣ ባልና ሚስቱ መጀመሪያ በኖሩበት በምባጋቲ ቤት ነው። ስለዚህ ጎብኚው የሚያየው የቤቱን ትዝታ ሲሆን፣ ትዝታው ሌላ ቤት ውስጥ በተዋናይ የተሠራ ነው።

ይህ ለአንዳንዱ ሰው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ በየአገሩ ያለ ታሪካዊ ቤት ጎዶሎውን በተመሳሳይ ዕቃ ይሞላልና። ልዩነቱ ግን የሚሞላው ጎዶሎ የቱ ነው የሚለው ላይ ነው። የባላባቷ ጎዶሎ በፊልም ዕቃ ተሞልቷል። የካማንቴ ጎዶሎ፣ የፋራህ ጎዶሎ፣ የለቃሚዎቹ ጎዶሎ በምን ተሞላ? ፊልሙ ለእነርሱ ያዘጋጀው ብዙ ዕቃ አልነበረም፤ ስለዚህም ቤቱ ለእነርሱ የሚያቀርበው ጥቂት ነው። አንድ ጊዜ በካሜራው ጠርዝ የቀረ ሰው በሙዚየሙም ጠርዝ ይቀራል።

የርእሱ ጣጣ

መጽሐፉ በ1937 በእንግሊዝኛና በዴንማርክኛ ታተመ። ጸሐፊዋ ሁለቱንም ራሷ አዘጋጀቻቸው። የዴንማርክኛው ርእስ ቀጥተኛ ነው፤ «አፍሪካዊው እርሻ» ማለት ነው። እንግሊዝኛው «አውት ኦፍ አፍሪካ» ግን ለአማርኛ ተርጓሚ ወጥመድ አለው። ብዙ ሰው በዘልማድ «ከአፍሪካ ውጭ» ይለዋል፤ ይህ ግን ታሪኩ በሌላ አህጉር የተፈጸመ ያስመስለዋል። ርእሱ የሚያስታውሰው ከሮማዊው ጸሐፊ ከፕሊኒ ጋር ተያይዞ የሚጠቀሰውን፣ ከአፍሪካ ሁልጊዜ አዲስ ነገር ይወጣል የሚለውን ጥንታዊ አባባል ነው። ስለዚህ ለትርጉሙ የሚቀርበው «ከአፍሪካ የተገኘ» ወይም «ከአፍሪካ የወጣ» የሚለው ነው።

የዘልማዱ ስሕተት ግን አንድ እውነት ሳያስበው ነክቷል። መጽሐፉ የተጻፈው በእርግጥም ከአፍሪካ ውጭ፣ እርሻው ከጠፋ በኋላ፣ በእናት ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እርሻው የእርሷ እንደነበረ በኃላፊ ጊዜ ይናገራል። እንግሊዝኛው ለባለንብረትነት ራሱን የቻለ ግሥ አለው፤ ባለቤቱ «እኔ» ነው፤ እርሻው ተሳቢ ነው። አማርኛ እንዲህ ያለ ግሥ የለውም። «ነበረኝ» ሲል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እርሻው ራሱ ይሆናል፤ ተናጋሪዋ በግሡ ጫፍ የተለጠፈች ተቀጽላ ናት። ሰዋስው ፖለቲካ አይደለም፤ ቢሆንም በአማርኛ ሲነበብ ምድሩ ቀድሞ ይቆማል፣ ሰዋ ወደ እርሱ ትጠጋለች። ይህ ለዚያ እርሻ ታሪክ የቀረበ አቀማመጥ ነው።

«ስኳተር» በአማርኛ ምን ይባላል?

ከርእሱ የከበደው ቃል ግን በመጽሐፉም በጉብኝቱም ተደጋግሞ የሚነሣው «ስኳተር» የሚለው ነው። በእርሻው ላይ አንድ ሺህ ኤከር ያህል የእነዚህ ሰዎች መኖሪያና ማሳ ነበር። ከቤተሰቦቻቸው ጋር በጥቂት መሬት ላይ ይኖራሉ፤ በለውጡ በዓመት የተወሰነ ቀን ለእርሻው ባለቤት ይሠራሉ። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት በ1902 ባወጣው የመሬት ሕግ ሰፊውን ምድር የንጉሡ መሬት አደረገው፤ በ1915 የወጣው ሕግ ደግሞ ለሰፋሪዎች የ999 ዓመት የሊዝ ይዞታ ፈቀደ። በ1918 የወጣው የነዋሪ ተወላጆች ሕግ በዓመት ቢያንስ 180 ቀን መሥራትን ግዴታ አደረገ። ጸሐፊዋ ራሷ ከሰዎቹ ብዙዎቹ እዚያው የተወለዱ፣ አባቶቻቸውም እዚያው የተወለዱ መሆናቸውን አልሸሸገችም።

እንግሊዝኛው ቃል የሌላውን ይዞታ ያለፈቃድ የያዘ ሰው ማለት ነው። በአንድ ቃል ብቻ የአገሩ ተወላጅ ወራሪ፣ መጪው ባለቤት ሆኖ ተገለበጠ። «ሰፋሪ» ብለው ቢተረጉሙት ውሸቱ በአማርኛ ይደገማል፤ ሰፋሪው ከወዲያ ማዶ የመጣው ነውና። «ገባር» ቢሉት ወደ ግብርና ወደ ግዛት ያዘነብላል። የሚቀርበው «ጭሰኛ» ነው። ቃሉ ከጭስ የመጣ ነው፤ በሰው መሬት ላይ ምድጃ ያነደደ ማለት ነው። የአማርኛ አንባቢ ቃሉን ሲሰማ ሲሶውን፣ እርቦውን፣ ለባለርስት የተሰፈረውን እህል፣ «መሬት ለአራሹ» የሚለውን መፈክር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣውን የገጠር መሬት አዋጅ አብሮ ይሰማል። ፍጹም አቻ አይደለም፤ የኢትዮጵያው ጭሰኛ በአብዛኛው በምርቱ ሲከፍል፣ የንጎንጉ ጭሰኛ በቀኑ ይከፍል ነበር። የጌታውም ዘርና ሕግ ይለያል። ነገር ግን ቃሉ አንድ ነገር ያደርጋል፤ የታሪኩን ሰዎች ከመልክዓ ምድሩ አውጥቶ ወደ መሬት ጥያቄ ያስገባቸዋል። በዚህ ቤት መስክ ላይ በበጋ ቀን የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ቤቱን እንደ ሩቅ አገር ተረት ማየት የማይችለው ለዚህ ነው። ጭሰኛም ባለርስትም ከነበረ ሕዝብ መጥቷልና፣ ነገሩን ከሁለቱም ወገን ያውቀዋል።

ሁለት ንባቦች

ለብሊክሰን ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። በዘመኗ ከነበሩት ነጭ ገበሬዎች ብዙዎቹ ያላዩትን አይታለች። ለጭሰኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት ከፍታለች፤ ሕሙማንን በየማለዳው ታክም ነበር። በመጽሐፏም ውስጥ ጭሰኞቹ እርሷን ራሷን በእነርሱ ምድር ላይ እንደ ሰፈረች ከፍ ያለች ጭሰኛ ሳያዩዋት እንደማይቀር ጽፋለች። በዚያ ዘመን ከዚያ በረንዳ ይህን ማሰብ ቀላል አልነበረም። እርሻው ሲሸጥም ጭሰኞቹ እንዳይበተኑ፣ በአንድነት የሚኖሩበት መሬት እንዲያገኙ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ደጅ ጠንታለች፤ በመጨረሻም ከዳጎሬቲ የደን ክልል መሬት እንዲሰጣቸው አስፈቅዳለች። ለራሷ ኪሳራ በምታለቅስበት ወራት ያደረገችው ይህ ተግባር ከሕይወቷ ምርጥ ምዕራፎች አንዱ ነው።

በሌላ በኩል ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ አለ። በ1938 ሊሙሩ አካባቢ የተወለደውና በ2025 ያረፈው ይህ ደራሲ፣ በ1964 ባሳተመው «ዊፕ ኖት፣ ቻይልድ» ልቦለድ አባቶቹ በነበሩበት ምድር ላይ ለነጭ ጌታ የሚያርስ ንጎቶ የሚባል ሰው ሥሏል። የብሊክሰንን መጽሐፍም በዴንማርክ ባደረገው ንግግር፣ ኋላም በ1993 ባሳተመው የድርሰቶች ስብስብ ውስጥ ተችቷል። የጽሑፉ ርእስ «ወጥ ቤቷ፣ ውሻዋ» የሚል መልክ አለው። መነሻው ጸሐፊዋ ካማንቴን የገለጸችበት ቦታ ነው፤ እዚያ ካማንቴ ከሰው ጋር ብዙ ከኖረ ውሻ ጋር ይነጻጸራል። ለንጉጊ መጽሐፉ አደገኛ የሆነው በክፋቱ ሳይሆን በፍቅሩ ነው። ጥላቻን አንባቢ ይለየዋል፤ ሰውን በእንስሳ የሚመስል ፍቅር ግን በለስላሳ ቋንቋ ተጠቅልሎ ያልፋል።

እነዚህ ሁለት ንባቦች አንዱ ሌላውን የሚሽር አይደሉም። ብሊክሰን ለጭሰኞቿ ደጅ የጠናችው «የእኔ» ስለምትላቸው ነው፤ በእንስሳ የመሰለቻቸውም «የእኔ» ስለምትላቸው ነው። ርኅራኄውና ንቀቱ የበቀሉት ከአንድ ሥር፣ ከባለቤትነት ነው። ደግ ጌታ ከክፉ ጌታ ይሻላል፤ ጌትነቱ ግን ጥያቄ ውስጥ አልገባም። መጽሐፉን ታላቅ የሚያደርገው ጸሐፊዋ ይህን ለቅጽበት ማየቷ ነው፤ የሚያሳንሰው ደግሞ አይታ ዓይኗን መመለሷ ነው። ሙዚየሙም የወረሰው ይህንኑ ዓይን መመለስ ነው።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

ይህ ነገር በንግግሮቹ ትርጉም ላይ ይብሳል። እንግሊዝኛ ሁሉንም በአንድ ቃል ይጠራል፤ አማርኛ ግን ተርጓሚውን ያስገድደዋል። ባላባቷ ካማንቴን ስታናግር «አንተ» እንደምትለው አያጠራጥርም፤ በልጅነቱ እግሩ ቆስሎ ያገኘችው፣ ወደ ስኮትላንድ ሚሲዮን ሆስፒታል ልካ ያሳከመችው፣ ኋላ ወጥ ቤቷ የሆነ ልጅ ነው። እርሱስ? «ምሳቡ» እያለ የሚጠራት ሰው በአማርኛ «እርስዎ» ከማለት አያልፍም። ፋራህ አደን ጋ ሲደረስ ግን ብዕር ይቆማል። ፋራህ የሱማሌ ተወላጅ ነው፤ የቤቱ አዛዥ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ከእርሻው ሰዎች ጋር አገናኝ ነበር። ኩሩ፣ ሃይማኖተኛ፣ የራሱ ቤተሰብና ቤት ያለው ሰው ነው። ጸሐፊዋ በ1960 በታተመው በኋለኛው መጽሐፏም የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለእርሱ ሰጥታለች። «አንተ» ብትለው ትንሽ ይሆናል፤ «እርስዎ» ብትለው ዘመኑ አይፈቅድም። በአማርኛ «አንቱ» የሚባለው መካከለኛ አክብሮት እንኳ ለጌታና ለአዛዥ ግንኙነት በቀላሉ አይገጥምም። እንግሊዝኛው የሸፈነውን ልዩነት አማርኛ በእያንዳንዱ ግሥ ላይ ያወጣዋል፤ የትኛውም ምርጫ ፍርድ ነው።

ሙዚየሙም ሳይናገር ይህን ምርጫ መርጧል። በቤቱ ውስጥ «እርስዎ» የሚባሉት መኝታ ቤት ያላቸው ናቸው፤ ባሮኑ፣ ባሮኗ፣ ፊንች ሃተን። ወጥ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ የቆመ ነው። ከወጥ ቤቱ ውስጥ ድስትና ምድጃ ይታያል፤ የሚያበስለው ሰው ግን ድምፅ የለውም። ይህ ደግሞ የግድ አልነበረም። ካማንቴ ጋቱራ የራሱን ትዝታ ተርኳል፤ በ1975 በፒተር ቢርድ አዘጋጅነት መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። የቤቱ ወጥ ሠሪ ባለ መጽሐፍ ከሆነ፣ ወጥ ቤቱ ጸጥ የሚልበት ምክንያት አይኖርም። ሰዋ ስለ እርሱ ከጻፈችው ጎን እርሱ ስለ እርሷ የተናገረው ቢቀመጥ፣ ቤቱ የሁለት ሰዎች ንግግር ይሆናል።

ሌላ ምሳሌ

ጌታ የነበረበትን ቤት ለሌሎች ድምፅ መስጠት እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ በአዲስ አበባ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1961 ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ ቤቱ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሆነ። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል እንደነበረ ተጠብቋል። ነገር ግን ጎብኚው እዚያ የሚያገኘው እርሱን ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕዝቦች ከልደት እስከ ሞት የሚገለገሉባቸው ዕቃዎች፣ መጫወቻው፣ የእርሻ መሣሪያው፣ የመቃብር ሐውልቱ በዚያው ጣሪያ ሥር ተደርድሯል። ሞፈርና ቀንበር ከንጉሥ አልጋ ጋር አንድ ቤት ይጋራሉ። ሙዚየሙ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም፤ በቤተ መንግሥቱ ስለተጨቆነው ሰው ብዙ አይናገርም። ግን ቤቱን ከነባለቤቱ ጠብቆ ለሌላው ቦታ መስጠት እንደሚቻል አሳይቷል። ማንም ከእንቅልፍ ክፍሉ አልጋውን አላወጣም፤ ገበሬውም ደጅ አልቀረም።

የካረን ብሊክሰን ቤትም ይህን ቢያደርግ የሚያጣው ነገር የለም። አንድ ክፍል ብቻ ለጭሰኞቹ ቢሰጥ በቂ ነው። የ1915ቱ ሕግ፣ የ180 ቀኑ ግዴታ፣ የዳጎሬቲው ሽግግር፣ የካማንቴ ትረካ፣ የንጉጊ ሂስ፣ በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊና በኪኩዩ ቋንቋ ቢቀርብ፣ ፊልሙን ፍለጋ የመጣ ጎብኚ ፊልሙን አያጣም፤ ተጨማሪ አገር ያገኛል እንጂ። ይህ ስለ ቤቱ ክብርም የሚጠየቅ ነው። ፊልም ያሳደገው ዝና ፊልሙ ሲረሳ አብሮ ይረሳል፤ የመሬት ታሪክ ግን በኬንያ በቀላሉ የሚረሳ አይደለም።

የቡናው ፍርድ

በመጨረሻ ስለ ቡናው ጥቂት ማለት ይገባል። የንጎንግ ቡና የኢትዮጵያ ዱር የወለደው የአረቢካ ዘር ነው። ከካፋና ከአካባቢው ደን ተነሥቶ፣ የመንን ተሻግሮ፣ ዓለምን ዞሮ፣ በ19ኛው ምእተ ዓመት ማብቂያ በሚሲዮናውያን እጅ ኬንያ ደረሰ። ለጎረቤቱ አገር በእግር ሊደርስ የሚችለው ተክል በባሕር ዞሮ፣ በባዕድ እጅ፣ ለባዕድ ገበያ ነው የገባው። በንጎንግ ምድርም በማይመቸው ከፍታ ላይ፣ ለሩቅ ባለአክሲዮኖች ትርፍ፣ በመስመር ተተከለ። አሥራ ሰባት ዓመት ሞከረ፤ አልሆነም። ስለ እርሻው የተጻፉት ሥራዎች ይህን ውድቀት እንደ አንዲት ሴት ትራጄዲ ያነቡታል። ሌላም ንባብ አለ። ምድሪቱ ያላስለመደችውን ነገር እንድትሰጥ ተጠየቀች፤ አልሰጠችም። ከሁሉ አስቀድሞ ለባለቤትነቱ ጥያቄ መልስ የሰጠችው እርሷ ናት።

እንግዲህ የበጋው ቀን ይበላሽ? አይበላሽም። ቤቱ ይጎብኝ፤ ልጆች በመስኩ ላይ ይሩጡ፤ ፎቶግራፉም ይነሣ። ጎብኚው ግን ከበረንዳው ወርዶ ወደ ወጥ ቤቱ ይሂድ፤ ከዝገተው ብረት ፊት ይቁም፤ አስጎብኚውንም ስለ ባላባቷ ሦስት ጥያቄ ከጠየቀ ስለ ጭሰኞቹ ሦስት ይጠይቅ። አስጎብኚዎች የሚጠየቁትን ያጠናሉ፤ ሙዚየምም በጊዜ ብዛት ተመልካቹ የሚጠይቀውን ይመስላል። ወደ ኮረብታውም ሲያይ ከቤቱ አቅራቢያ፣ በናይሮቢ ምዕራባዊ ዳርቻ ዳጎሬቲ እንዳለ ያስታውስ። ጉብኝቱ እዚያ አይደርስም፤ የቤቱ ታሪክ ግማሽ ግን እዚያ ነው የሄደው።